አንተ ያልኳቸው ሽማግሌ

ሳይክል መንዳት የተማርኩት ሰው ሁሉ ተምሮ ከጨረሰ በኋላ፣ ትልቅ ሰው ሆኜ ነው። የተማርኩትም በቤተ ክርስቲያናችን ግቢ፣ ከመዘምራን ልምምድ በኋላ፣ አብረውኝ የሚዘምሩት ሴቶች በሙሉ አጥሩ ጋ ተደርድረው እየሳቁብኝ። ጓደኛዬ ኮርቻውን ከኋላ ይዛ እየሮጠች «ወደፊት እዪ! መሬቱን አትዪ!» ትለኛለች። እኔ ግን መሬቱን ብቻ ነበር የማየው፤ የምወድቀው እሱ ላይ ነዋ።

የምሠራው ጳውሎስ ሆስፒታል አካባቢ ካሉት ፋርማሲዎች በአንዱ ነው። ያኔ የምኖረው ከወላጆቼ ጋር፣ ሽቅብ፣ ኮረብታው ላይ ካለው የእጽዋት ማዕከል ዝቅ ብሎ ባለው ሰፈር ነበር። ጠዋት ጠዋት የታክሲ ሰልፍ ላይ ቆሜ የሰው ጀርባ ሳይ ከርሜ፣ አንድ ቀን አንድ ወጣት በሳይክል ቁልቁል ሲወርድ አየሁ። ሸሚዙ በነፋስ ተነፍቶ፣ ፊቱ ላይ ምንም ጭንቀት የለም። እኔ ሰልፉ ላይ ሁለት እርምጃ ሳልራመድ እሱ ከዓይኔ ጠፋ። በቃ፣ እሱን አይቼ ነው የወሰንኩት። ከጓደኛዬ ላይ ቀዩን ሳይክሏን ገዛሁ፣ ቢጫ ሄልሜት ጨመርኩበት፣ መንገድ ወጣሁ።

በመጀመሪያ የተጣላሁት ከመንገዱ ጋር ሳይሆን ከአባዬ ጋር ነው። አባዬ ጡረታ እስኪወጣ ከባድ መኪና ሲነዳ የኖረ፣ የጅቡቲን መንገድ እንደ ግቢው የሚያውቅ ሹፌር ነው። ለሱ መንገድ የተሠራው ለመኪና ነው። እግረኛ ይታለፋል፣ ከብት ይጠበቃል፣ ሳይክል ግን ምን እንደሚደረግ የማይታወቅ ነገር ነው።

«ወይ እግረኛ ሁኚ፣ ወይ መኪና ሁኚ!» አለኝ ሳይክሉን ይዤ የገባሁ ቀን። «መሀል ላይ ምን አለ?»

«መሀል ላይማ ሳይክል አለ» አልኩት።

«መሀል ላይ ያለው ሬሳ ነው» አለና ቴሌቪዥኑን ከፈተ።

እማዬ በበኩሏ የጨነቃት ሌላ ነገር ነበር። ሠላሳ ልደፍን ምንም ያህል አልቀረኝም፤ በኔ ዕድሜ ያለች ሴት ሱሪ ለብሳ ቁልቁለት ስትወርድ ሽማግሌ የሚልክ ሰው ያያትና ሐሳቡን ይቀይራል ብላ ትሰጋለች። ሽማግሌ የሚልከው ሰው መኖሩን ገና አልነገርኳትም ነበር።

መንገዱ ራሱ ትምህርት ቤት ነው። ጠዋት ቁልቁለቱ ያግዘኛል፤ ማታ ዳገቱን ግማሹን እየነዳሁ፣ ግማሹን ሳይክሌን እንደ ግትር በግ እየጎተትኩ እወጣለሁ። ሹፌሮቹ ለእኔ የማይሰጡት ምክር አልነበረም። «ጥግሽን ያዢ!» ይላል አንዱ፤ ጥጉን ስይዝ ጥጉ ላይ የቆመ መኪና በሩን ይከፍትብኛል። «ባል የለሽም እንዴ?» ይላል ሌላው፤ ባል ያላት ሴት ፔዳል የምትረግጥበት እግር የሌላት ይመስል። አንድ ወያላ ደግሞ ነበር፣ ባየኝ ቁጥር የሳይክሌን የኋላ መጫኛ እየጠቆመ «አንድ ሰው የቀረው! አንድ ሰው!» ብሎ ሰልፉን በሙሉ ያስቅብኛል። እሱን እንኳ ወድጄው ነበር።

እኔም ጻድቅ አልነበርኩም። መኪኖች ተጨናንቀው ሲቆሙ በመሀላቸው እሾልካለሁ፤ የሰው ስፖኪዮ በክርኔ ነክቼ ሳልዞር ሄጃለሁ። መንገድ ሲዘጋ እግረኛ እሆናለሁ፣ ሲከፈት መኪና እሆናለሁ። አባዬ ይህን ቢያይ ኖሮ ምን እንደሚል አውቃለሁ።

ከዚያ የሰውየው ጉዳይ መጣ።

ክረምት ነበር። ካፊያ ነገር ጥሎ አስፋልቱ ያንሸራትታል። ጳውሎስ አካባቢ ደርሼ ጥጌን ይዤ ስሄድ አንዲት ነጭ መኪና ከኋላዬ መጥታ አለፈችኝ፤ ገና አልፋኝ ሳትጨርስ ወደ ቀኝ፣ ፊቴ ላይ ታጠፈች። ፍሬቻ የለ፣ ምን የለ። ሁለቱንም ፍሬን ጨመደድኩ። የኋላ ጎማዬ ተንሸራተተ፣ ትከሻዬ ከመኪናዋ በር ጋር ተላተመ፣ ሳይክሉ ከሥሬ ሊወጣ ሲል ኮፈኑን ተደግፌ እንደምንም በእግሬ ቆምኩ። በሕይወት መኖሬን ሳረጋግጥ መጀመሪያ ያደረግኩት ነገር ያንን ኮፈን በመዳፌ ጧ ማድረግ ነው።

መስኮቱ ወረደ። ግራጫ ሪዛቸውን ያበጠሩ፣ ኮትና ባርኔጣ ያደረጉ ትልቅ ሰው ናቸው።

«መኪናዬን መታሽው?» አሉኝ።

«ልትገድለኝ ነበር እኮ! ዓይንህ አያይም እንዴ?»

አፋቸውን ከፍተው ቀሩ። «አንተ? እኔን ነው አንተ ያልሽው?»

«ፍሬቻ እንኳ ሳታሳይ ትታጠፋለህ!»

ከመኪናው ወረዱና ወደ ሰዉ ዞሩ። የሆስፒታሉ አካባቢ ሰው አያጣም፤ ለአፍታ ቆም ብሎ ጠብ የሚያይም አይጠፋም። «ሰማችሁ? ይቺ ልጅ አንተ አለችኝ!»

ሰዉ ተሰበሰበ። ስለ ፍሬቻው የጠየቀ አንድም ሰው አልነበረም። መድኃኒት በላስቲክ የያዙ አንዲት እናት ክንዴን ያዝ አደረጉኝና «ልጄ፣ ትልቅ ሰው አንተ አይባልም» አሉኝ።

«እማማ፣ ሊገድለኝ ነበር እኮ!»

«ቢሆንም» አሉ።

«አላየሁሽም» አሉኝ ሰውየው፣ ድምፃቸው ትንሽ ዝቅ ብሎ።

«ሳይክሉ ቀይ ነው፣ ሄልሜቱ ቢጫ ነው! ምን ልሁን? ሳይረን ልግጠም?»

ትራፊክ ፖሊሱ መጣ። የተጎዳ ሰው እንዳለ ጠየቀ፣ ኮፈኑን ዳሰሰ፣ እኔን ከላይ እስከ ታች አየኝ፣ ከዚያ ሁለታችንንም መንገድ እንድንለቅ አዘዘን። ማታ ለእጮኛዬ ስልክ ደውዬ ሁሉንም ነገርኩት፤ ስለ ነጯ መኪና፣ ስለ ባርኔጣው፣ ስለ ሪዙ። ሳይናገር ቆየ።

«ሪዛም ናቸው አልሽኝ?» አለ በመጨረሻ።

«ምን ያደርግልሃል ሪዛቸው?»

«አይ… ዝም ብዬ ነው» አለ።

እጮኛዬ እጽዋት ማዕከሉ ውስጥ ነው የሚሠራው፤ ችግኝ ያፈላል፣ ዘር ይሰበስባል። ረጋ ያለ ሰው ነው፤ የዛፍ እድገት የሚጠብቅ ሰው እንደሚሆነው። እንደዚህ ዓይነት ጸባይ ያለው ሰው ዝም ሲል አያስጠረጥርም። አባቱ በልጅነቱ ስለ ሞቱ ያሳደጉት አጎቱ ናቸው፤ እሳቸውን ሊያስተዋውቀኝ አስቦ አስቦ ሁልጊዜ የሆነ ነገር ይፈጠርና ይቀራል።

ከባርኔጣው ሰውዬ ጋር መንገዳችን አንድ ስለ ነበር ደጋግመን ተያየን። አንድ ጠዋት መኪናው ሁሉ ቆሞ በግራ በኩል ስሾልክ መስኮታቸውን አወረዱና «ዛሬስ የማንን መኪና ልትመቺ ነው?» አሉኝ። እኔም «ፍሬቻዎን አስጠገኑት?» አልኩና አለፍኩ። አንቱታው ያመለጠኝ ሳላስበው ነው፤ ከንዴቴ ስለ በረድኩ መሰለኝ።

ክረምቱ ሲወጣ እጮኛዬ ሽማግሌ እንደሚልክ ነገረኝ፣ እኔም ለእማዬ ነገርኩ። እማዬ እልል ልትል አፏን ከፍታ ጎረቤት እንዳይሰማ ብላ ተወችው። ቀጠሮው ቅዳሜ ከሰዓት ሆነ። ያን ቀን ቤቱ ሲወለወል ዋለ፤ ሳይክሌ ከበረንዳው ተነሥቶ ጓሮ ሄደ፣ በአሮጌ አንሶላም ተሸፈነ። «ሴት ልጅ የምትጠየቅበት ቤት እንጂ ጎሚስታ ቤት አይምሰልብን» አለች እማዬ።

ሦስት ሆነው መጡ፤ አንድ የቤተ ክርስቲያናቸው ሽማግሌ፣ አንድ የሰፈራቸው ሰው፣ እና አጎትየው። እኔና እማዬ ጓዳ ሆነን በሩን ገርበብ አድርገን እናዳምጣለን። አባዬ «ኧረ ተቀመጡ» ይላል፤ እነሱ «እሺታችሁን ሳንሰማ አንቀመጥም» ይላሉ። በጸሎት ተጀመረ። ጸሎቱ ሲያልቅ፣ አባዬ ወሬ ለመክፈት ያህል፣ «መንገዱ እንዴት ነበር?» አላቸው።

«መንገዱማ ምን መንገድ አለ» አለ አንድ ድምፅ። «ሳይክል ብቻ ሆኗል!»

ድምፁን ሰማሁት። የማውቀው መሰለኝና አይሆንም አልኩ። በበሩ ቀዳዳ አየሁ። ባርኔጣው በእጃቸው ነው፤ ሪዙ ተበጥሯል።

አባዬ ነፍሱ ተነቃቃች። ሽማግሌ ሲጠብቅ አብሮት ስለ መንገድ የሚያማ ሰው መጣለት። «እርስዎም ይነዳሉ?»

«እድሜ ልኬን! ግን እንደ ዘንድሮ አላየሁም። የገጠመኝን ልንገርዎት?»

«ይንገሩኝ እስቲ!»

ነገሩት። በሳቸው ታሪክ ውስጥ እኔ ቁልቁለቱን እጄን ለቅቄ እየበረርኩ ነው የመጣሁት። መኪናቸውን በቡጢ ነው የደበደብኩት። ሳይክሉም ከፍ ብሎ ሞተር ሳይክል ሊሆን ምንም አልቀረውም። «ከዚያ ምን ብትለኝ ጥሩ ነው?» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «አንተ አለችኝ!»

«አንተ?» አለ አባዬ።

«አንተ!»

«ጉድ ነው!» አለ አባዬ፣ ጉልበቱን እየመታ። «ያሳደጋት የለም። አባት የላትም ማለት ነው!»

እማዬ ቀስ ብላ ፊቷን ወደ እኔ አዞረች። አንድም ነገር አልጠየቀችኝም፤ ፊቴ ላይ ያለውን አነበበችና መዳፏን አፏ ላይ ጫነች። እኔ መስኮቱን አየሁ። መስኮቱ የብረት ፍርግርግ አለው።

ወሬው ወደ ጉዳዩ ተመለሰ። ልጃቸው ምን እንደሚሠራ፣ ጸባዩ እንዴት እንደሆነ፣ የማን ልጅ እንደሆነ ተናገሩ። አባዬ ልቡ የለሰለሰው ገና በመንገዱ ወሬ ስለ ነበር ሁሉንም ራሱን እየነቀነቀ ተቀበለ። ከዚያ የፈራሁት መጣ። «ልጄ፣ ነይና ሰላም በያቸው» አለ።

ነጠላዬን እስከ ቅንድቤ አውርጄ ወጣሁ። የመጀመሪያውን ሽማግሌ ሰላም አልኩ፣ ሁለተኛውን ሰላም አልኩ፣ ሦስተኛው ጋ ስደርስ አንገቴን ሰብሬ «እንደምን ዋሉ» አልኩ። መልኬን አላወቁትም ነበር፤ ድምፄን ግን አወቁት። አንገታቸውን ዘንበል አድርገው በአንድ ወገን አዩኝ። ከዚያ ወደ ጎረቤታቸው ጠጋ ብለው በኦሮምኛ፣ ማንም አይሰማኝም ብለው፣ «ይቺው ናት!» አሉት።

እማዬ የተወለደችው ከከተማዋ በላይ ባሉት ኮረብታዎች፣ ኦሮምኛ በሚነገርበት አገር ነው። ከጓዳው በር ላይ ሆና በዚያው በኦሮምኛ «አዎ፣ እሷው ናት» ብላ መለሰችላቸው።

ሦስቱም ሽማግሌዎች ደርቀው ቀሩ። ቋንቋውን ያልሰማው አባዬ ብቻ ፈገግ እንዳለ ነው። አጎትየው ባርኔጣቸውን ከአንድ እጅ ወደ ሌላው አዛወሩና ወደ እሱ ዞሩ።

«እንግዲህ አባቷን አገኘን» አሉት።

«የማንን አባት?»

«የሳይክሏን ልጅ።»

አባዬ እሳቸውን አየ፣ እኔን አየ። ፈገግታው ፊቱ ላይ ትንሽ ቆየ፤ መውረጃ ያጣ ይመስል።

«አንተ ብለሻቸዋል?» አለኝ።

«ብያቸዋለሁ።»

«መኪናቸውን መትተሻል?»

«በመዳፌ ነው። ቡጢ አልነበረም።»

«ለምን?»

«ወደ ቀኝ ሲታጠፉ ዘጉብኝ። በሩ ላይ ተላተምኩ።»

ከዚያ፣ ጫማ እንኳ ሳይቀይር የሹፌር ሰውነቱ ውስጥ ገባ፤ አየሁት። «ፍሬቻ አሳይተው ነበር?» አላቸው።

የቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ወንድሞቼ፣ የመጣንበት ጉዳይ…»

«ቆይ፣ አንዴ» አለ አባዬ። ጠረጴዛው ላይ ያለውን የአምቦ ውኃ ጠርሙስ አነሣና መሀል ላይ አቆመው። «ይሄ እርስዎ ነዎት። መንገዱ በዚህ ይመጣል።» ከዚያ የጠርሙሱን ቆርኪ ፈልጎ አገኘና አጠገቡ አስቀመጠው። «ይቺ እሷ ናት። እርስዎ አለፏት፣ እንዲህ። ከዚያ ታጠፉ።» ጠርሙሱን ወደ ቀኝ ሲገፋው ቆርኪዋ ከሥሩ ገባች። ጠርሙሱ እላይዋ ላይ ተንጋደደ።

አባዬ እጁን ሳያነሣ ጠርሙሱን ይዞ ቆየ።

«ልጄ እዚህ ጋ ነበረች» አለ።

ድምፁ ሌላ ነበር። ስንት ጊዜ «መንገድ ላይ እንዲህ ሆንኩ» ብዬ ነግሬው «ነግሬሽ አልነበር?» ብሎኝ ያውቃል። ያን ቀን ግን ያየኝ መሰለኝ፤ እዚያ አስፋልት ላይ፣ የቆርኪ ያህል ሆኜ።

አጎትየው ቆመው ነበር፤ ሁሉም ቆመው ነበር። «ጥፋቱ የኔ ነው» አሉ። «ፍሬቻም አላሳየሁም። ለሷ የነገርኳት አላየሁሽም ብዬ ነው፤ እሱ ግን ሰበብ አይሆንም።»

አሁን ተራው የኔ እንደሆነ ገባኝ። «ይቅርታ ያድርጉልኝ ጋሼ። አንተ ማለት አልነበረብኝም።»

«ዓይንህ አያይም እንዴ ያልሽኝስ?»

«እሱንም።»

ሌሎቹ ሳቁ። እሳቸው ግን አልሳቁም።

«ታዲያ እንቀመጥ ወይስ እንሂድ?» አለ የሰፈራቸው ሰው፣ እግሩን እያፈራረቀ። አባዬ ጠርሙሱን አነሣና በብርጭቆ ቀዳላቸው። ተቀመጡ። ጋብቻ የተጠየቀ ቀን እሺ አይባልምና ሌላ ቀጠሮ ሰጣቸው፤ ሲሸኛቸው ግን የአጎትየውን ክንድ ይዞ ስለ ጅቡቲ መንገድ ያወራላቸው ነበር።

መኪናው ጋ ሲደርሱ ጋሼ ወደ ኋላ ቀሩና ጠሩኝ። ሌሎቹ እስኪገቡ ጠበቁ።

«ያን ቀን አላየሁሽም ያልኩሽ እውነቴን ነው» አሉኝ። «ቀኝ ዓይኔን ሞራ ሸፍኖታል። በዚያ በኩል ያለው ነገር ሁሉ እንደ ጉም ነው። ለማንም አልተናገርኩም።»

ለሳምንታት በልቤ ስረግማቸው የከረምኩት ሰው ይህን ምሥጢር የሰጡት ለኔ ነው፤ ላሳደጉት ልጃቸው እንኳ አይደለም። አሁን ደግሞ ቁልፉን በእጃቸው ይዘው፣ ሁለት ሽማግሌ አሳፍረው፣ ቁልቁለቱን ሊወርዱ ነው።

«ጋሼ፣ ታዲያ ለምን ይነዳሉ?»

«መኪናው ከሌለኝ ምን ቀረኝ?» አሉ። «ቤት መቀመጥ ነዋ።»

«በዚያ መንገድ ላይ ጠዋት ጠዋት እኔ ብቻ አይደለሁም ያለሁት።»

እኔም ከመንገዳቸው አልተነሣሁም። በሽማግሌ የተጠየቀች ልጅ የአማቿን መኪና ስትዘጋ ጎረቤት አየ፤ ይይ ብዬ ቆምኩ። በመጨረሻ ጋሼ ቁልፉን ለሰፈራቸው ሰው ሰጡትና በሌላኛው በር ገቡ። «ወገቤን ስላመመኝ ነው» አሉት።

ሰኞ ዕለት እጮኛዬን እጽዋት ማዕከሉ ድረስ ሄጄ ያዝኩት። ከችግኞቹ መሀል ቁጢጥ ብሎ ነበር።

«አጎትህ መሆናቸውን ታውቅ ነበር» አልኩት።

«ሪዛም ናቸው ስትዪኝ ነው የገባኝ» አለ፣ ቀና ሳይል።

«እና ለምን አልነገርከኝም?»

«ብነግርሽ ምን ልታደርጊ ነበር? እሳቸውም ስላንቺ አንድ ሳምንት ሙሉ አውርተውልኛል። እ… ማለቴ፣ ቀስ በቀስ ትረሱታላችሁ ብዬ ነው።» ለዛፍ የሚሠራ ዘዴ ሁሉ ለሰው የሚሠራ ይመስለዋል።

ስለ ዓይናቸው ግን አልነገርኩትም፤ ራሳቸው እንዲነግሩት ነበር የፈለግኩት። ለሐኪም ቀጠሮ ያስያዝኩላቸው እኔ ነኝ፤ የምሠራው ሆስፒታሉ አጠገብ ስለሆነ ማን የት እንዳለ አውቃለሁ። የሐኪሟ ክፍል በር ጋ ሲደርሱ ሁለት ጊዜ ወደ ኋላ ተመለሱ። አንዴ «መነጽሬን ረሳሁ» አሉ፤ መነጽር አያደርጉም። ሐኪሟ ወጣት ሴት ነበረች፤ ሞራው እንደሚገፈፍ ስትነግራቸው መጀመሪያ የጠየቋት «ከዚያ በኋላ እነዳለሁ?» ብለው ነው። እነዳለሁ የሚለውን ሰምታ ሳቀችና «መጀመሪያ እናይ» አለቻቸው። ያን ማታ ለልጃቸው ራሳቸው ነገሩት።

ቀዶ ጥገናው አልቆ፣ ዓይናቸው ላይ ያለው መሸፈኛ የተነሣ ቀን እኔም እጮኛዬም ነበርን። ጋሼ ግድግዳውን አዩ፣ መስኮቱን አዩ፣ ከዚያ እኔ ላይ ቆሙ። ብዙ ጊዜ ቆዩ።

«ልጃችን አልዋሸም» አሉ። እኔ ቀላሁ፤ እሱ ደግሞ ጣሪያውን ማየት ጀመረ።

ሠርጋችን የሆነው ጥር ላይ ነው። እንደ ማንኛውም ሠርግ ነበር፤ ጮኸ፣ ተበላ፣ አለቀ። አንድ ነገር ብቻ ልንገራችሁ። ከሠርጉ በፊት በነበረው ሳምንት ጓሮ ብሄድ አባዬ ሳይክሌን ገልብጦ ካቴናውን ዘይት እየቀባ ደረስኩበት። መሪው ላይ ስፖኪዮ ገጥሞበታል፤ ከሞተር ሳይክል የተነቀለ፣ ለሳይክል ከመጠን በላይ ትልቅ። ያ ስፖኪዮ ነፋስ ሲመታው ሳይክሉን ወደ ግራ ይስበዋል፤ እስከ ዛሬ አልነቀልኩትም።

አሁን የምኖረው ከባሌ ጋር፣ ከጋሼ ቤት ብዙም ሳልርቅ ነው። ጋሼ ሐኪሟ ከፈቀደችላቸው ወዲህ ተመልሰው መንዳት ጀምረዋል። አሁን ችግሩ በደንብ ማየታቸው ነው። ከሩቅ ያዩኝና ክላክሳቸውን ይነፉታል፤ ሰላምታ ነው። እኔ ከኮርቻዬ ላይ እዘላለሁ። «ጋሼ፣ ያኔ ሳያዩኝ ሊገድሉኝ ነበር፤ አሁን እያዩኝ በድንጋጤ ሊገድሉኝ ነው» ስላቸው «እንግዲህ በምን ሰላም ልበልሽ?» ይላሉ። የሳይክል መንገድ ተብሎ ቀለም የተቀባበት ቦታ መኪናቸውን አቁመው አግኝቻቸዋለሁ። «ባዶ ነበር እኮ» አሉኝ። «ባዶ የነበረው እኔ እስክመጣ ነው» አልኳቸው። በዓል ሲሆን እሳቸውና አባዬ ጎን ለጎን ተቀምጠው ሳይክል ነጂን በሙሉ ያማሉ። «አንቺን አይደለም» ይሉኛል መሀል መሀል ላይ። ማንን እንደሆነ አይነግሩኝም።

ባለፈው ክረምት አንድ ማታ ከሥራ ስወጣ ሰማዩ ተቀደደ። ፋርማሲው በር ላይ ተጠልዬ ዳገቱን እንዴት እንደምወጣው ሳስብ የጋሼ መኪና መጥታ ቆመች።

«ግቢ!» አሉኝ።

«ሳይክሌስ?»

«ሳይክልሽም ይገባል!»

አልገባም። የመኪናዋን የኋላ ዕቃ መጫኛ ሻንጣ ከፍተን በጎኑ ሞከርነው፣ በጀርባው ሞከርነው፣ የፊት ጎማውን ፈትተን ሞከርነው። ጋሼ ባርኔጣቸው ውኃ እያንጠባጠበ «ይሄን ነገር ማን ነው የሠራው? ማዕዘን ብቻ ነው እኮ!» ይላሉ። በመጨረሻ ግማሹ ገባ፤ ግማሹ ውጪ ቀረ፤ የሻንጣውን ክዳን በገመድ አሰርነው። እኔ የኋላ ወንበር ላይ በጉልበቴ ተንበርክኬ፣ እጄን ወደ ኋላ ዘርግቼ ሳይክሉ እንዳያመልጥ ፍሬሙን ያዝኩ።

ዳገቱን ጀመርን። ጋሼ ሳይክሉ እንዳይወድቅ ፈርተው እግረኛ እንኳ በሚቀድመን ፍጥነት ይነዳሉ። ከኋላችን ሚኒባስ፣ ከሚኒባሱ ኋላ ሌላ መኪና፣ እስከ ታች ድረስ መብራት በመብራት ሆነ። ክላክሱ ተጀመረ። አንዱ መስኮቱን አውርዶ «ጥጋችሁን ያዙ!» ብሎ ጮኸ። ሌላው «አባት፣ ምነው ተኙ?» አለ።

ጋሼ ፍሬቻ አሳዩ፣ ወደ ቀኝ ጠጋ አሉ፣ ግን መንገዱ ጠባብ ስለሆነ ማንም ሊያልፈን አልቻለም። ክላክሱ ባሰ። ጋሼ መስኮታቸውን እስከ ታች አወረዱና ዝናቡ ውስጥ አንገታቸውን አወጡ።

«ምን አስቸኮላችሁ?» ብለው ጮኹ። «ሳይክል ይዘናል! አታዩም እንዴ?»

ከዚያ ወደ ውስጥ ተመልሰው፣ ሪዛቸውን በእጃቸው እየጠረጉ፣ «መንገዱ ላይ ትዕግሥት ያለው ሰው ጠፋ» አሉኝ።

«ልክ ነዎት ጋሼ» አልኳቸው፣ ከሳይክሉ ፍሬም ላይ እጄን ሳላነሣ። መስኮቱን መዝጋት ስለ ረሱ ሰፈር እስክንደርስ ዝናቡ ሁለታችን ላይ ወረደ።